ያልታወቀችዋ የሐብሩ ኮረዳ

ኢክራም የቃል ጥናቷን እናቷ ፊት ቆማ ስትወጣ፣ አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እናቷ ሳቀችባት። ቅዳሜ ከማለዳው አንድ ሰዓት ነው። እናቷ ኑሪያ የመኖሪያ ቤታቸው የፊት ግድግዳ ተፈንቅሎ መስኮት በወጣለት፣ መርሳ ውስጥ ሱቅ ተብሎ ግብር በሚከፈልበት ክፍል በርጩማ ላይ ተቀምጣ ማንጎ ትለያለች፤ ጠንካራውን ወልድያ ለሚሄደው ሣጥን፣ የበሰለውን ለመደርደሪያው፣ የተመታውን ለቤተሰቡ። በዚህ ቤት ያልተመታ ማንጎ የበላ ሰው የለም። ኢክራም ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ወልድያ እየተመላለሰች የሥዕል ሙዚየም አስጎብኚነት ስትሠለጥን ቆይታ ዛሬ የፈተናዋ ቀን ደርሷል፤ ስለዚህ ቀኝ እጇን እንዳስተማሯት ከክርኗ አጥፋ፣ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ጥግ ወደቆመው የዘይት ጀሪካን በክብር እያመለከተች ነበር።

“ይህ ሥዕል ‘የሐብሩ ኮረዳ’ ይባላል። የተሣለችው ሴት ማንነት አይታወቅም። ሠዓሊው ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት ሲሪንቃ አካባቢ እንደሣለው ይገመታል። በምስጢራዊ ፈገግታዋ ውስጥ የአካባቢውን ልምላሜና የሕዝቡን እርጋታ እናያለን። ይህም የሚያሳየው…”

እዚህ ላይ ነው ኑሪያ የሳቀችው። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ከዚያ ማንጎውን አስቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ኢክራም ጠቋሚ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። እናቷ ሳቋን ስትጨርስ ኮረዳዋ ምን እንደለበሰች ጠየቀቻት። ቢጫ ሻሽ፣ አለች ኢክራም፤ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች፣ ጭኗ ላይ ማጭድ አለ።

“የማጭዱ እጀታ በጨርቅ የተጠመጠመ ነው?”

ኢክራም እጇን አወረደች። ስለ ጨርቁ ከሙዚየሙ በተሰጣት መመሪያ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ከዚህ ቤት ሥዕሉ ፊት ቆሞ ያየ ሰው እሷ ብቻ ናት። “በሰማያዊ ጨርቅ፣” አለች።

“እንግዲያው እኔ ነኛ፣” አለች ኑሪያ፣ ስለ ማንጎ ዋጋ የምታወራ ይመስል፤ ማንጎዋንም አነሳች።

ከመጋረጃው ወዲያ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ያጎነበሰው አባቷ ዛኪር ጉርሻውን አፉ አጠገብ አድርሶ ተወው። ዛኪር የመርሳ–ወልድያ ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጭቅጭቅ ሲሰማ ስለሚውል ቤቱ ውስጥ ብዙ አይናገርም። አሁን ግን መጋረጃውን ገለጠ። ኑሪያ ያስረዳችው አጭር ነበር፦ ከመጋባታቸው ሁለት ዓመት በፊት ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ የቀን ሥራ ትሠራ ነበር፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሠዓሊ መጥቶ ነበር፤ የአረም ሥራውን የሚያሠራው ሰውዬ “አንቺ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ” አላት፤ ተቀመጠች።

“ስንት ቀን?” አለ ዛኪር።

“ሦስት።”

“ሦስት ቀን!”

“እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። ከሰዓት ፀሐይዋ ዞረችብኝ ይላል።”

“ምን ዓይነት ሰው ነበር?”

“እኔ ምን አውቄ። ዝምተኛ ነው። ጺም ነበረው፣ ይህን የሚያህል፣” ብላ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች።

ጺሙን ባታነሳው ይሻል ነበር። ዛኪር አርባ አራት ዓመት ሞልቶት ዛሬም ጺሙ አገጩ ላይ ካለችው ጥቂት ፀጉር አልፎ አያውቅም፤ ይህን ደግሞ ሚኒባሱ ውስጥ የሚሳፈር ጓደኛው ሁሉ ያነሳበታል። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሣ፣ “አልሀምዱሊላህ” አለ፣ ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አወረደና ወጣ። ኑሪያ ከኋላው አየችው። ኢክራም ስለ ፈገግታው ለምን እንደሳቀች እናቷን ልትጠይቃት ነበር፤ እናቷ ግን ሣጥኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ “ሂጂ፣ አባትሽ ጥሎሽ ይሄዳል፤ ዛሬ ለራሱም የሚቆም አይመስለኝም” አለቻት።

ከመርሳ ወልድያ እንኳን አስጎብኚ ሬሳም የማያሰለች መንገድ ነው ይላሉ፤ ያን ቀን ግን ረዘመ። ዛኪር ሁልጊዜ መንዙማ ይከፍታል፣ ተሳፋሪው ከበዛ ወደ አምባሰል ይቀይራል፤ ዛሬ ምንም አልከፈተም። ኢክራም ጋቢናው ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ መመሪያዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች፤ ከኋላ አንዲት ሴትዮ ዶሮዋ ለምን እንደ ሰው እንደምትከፍል ከረዳቱ ጋር ትሟገታለች። ሲሪንቃ ሲደርሱ የሚወርድም የሚሳፈርም ሳይኖር ዛኪር ፍጥነቱን ቀነሰ። የምርምር ጣቢያው አጥር ከመንገዱ ጎን ረጅም ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ዛፎች አሉ። አንዱን ዛፍ አየ፣ ቀጣዩን አየ። ከኋላቸው የነበረ አይሱዙ ጥሩምባውን ለቀቀባቸው። “አባ፣” አለች ኢክራም፣ “ነገሩ ቆይቷል እኮ።” ፍጥነቱን ጨመረ። ወልድያ መናኸሪያ ስትወርድ ብቻ፣ ዓይኑን ከስፖኪዮው ሳያነሳ፣ ያ የሥዕል ቤት ለማንም ክፍት እንደሆነ ጠየቃት። ዛሬ በጥሪ ካርድ ነው አለችው። በባጃጅ ተሳፍራ ሄደች።

ሙዚየሙ በፊት የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፣ ወለሉ ሴራሚክ ለብሷል፣ በጦርነቱ የረገፈው መስታወት ተቀይሯል፤ ሽታው ግን አልለቀቀም፤ በተለይ ዝናብ ሲያካፋ ሃያ ሦስቱም ሥዕሎች ዩሪያ ዩሪያ ይላሉ። ሠልጣኞቹ ሰባት ናቸው፤ ሁሉም ከዐሥራ አምስት እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመት። ያሠለጠነቻቸው የዩኒቨርሲቲ መምህር የሻረግ ትባላለች፣ ቁመቷ አጭር፣ ቦርሳዋ ትልቅ፣ ሥዕል ስታይ አንገቷን እንደ ዶሮ የምታዞር። የሻረግ በስድስቱ ቅዳሜዎች ያስተማረቻቸው በመሠረቱ አንድ ነገር ነበር፦ ለጎብኚ ከመንገራችሁ በፊት ጠይቁ። ምን ይታያችኋል? ምን አይታችሁ እንደዚያ አላችሁ? ጠይቃችሁ ዝም በሉ፤ ዝምታው ካስጨነቃችሁ በሆዳችሁ እስከ ዐሥር ቁጠሩ። የሙዚየሙ ኃላፊ አቶ ሀብቴ ይህን አልወደዱትም። እንግዳ አይጠየቅም፤ እንግዳ ይነገረዋል፤ ይላሉ። ራሳቸው ዐሥራ ሁለት ገጽ መመሪያ አዘጋጅተው ማኅተም አስመትተው አድለዋል። መመሪያው ውስጥ የሁሉም ሥዕል ማብራሪያ “ይህም የሚያሳየው” ብሎ ያልቃል። አህያ የሕዝቡን ታታሪነት ያሳያል። ዳመና የወደፊቱን ተስፋ ያሳያል። ቁጥር ሃያ ላይ አንድ የተንጋደደ ወንበር ብቻውን ተሥሏል፤ እሱም የመቻቻል ባህላችንን ያሳያል።

ኢክራም ይህን ሥራ ትፈልገዋለች። ከሰባቱ አምስቱ ብቻ ናቸው ባጅ ተሰጥቷቸው ቅዳሜና እሑድ የሚያስጎበኙት፤ ዛሬ ከክልል የሚመጡት እንግዶች ፊት ቀርበው ነው የሚመረጡት። የምትፈልገው ለባጁ አይደለም፣ ባይጠላም። በዕድሜዋ “ምን ይታይሻል?” ብሎ ጠይቋት መልሷን እስኪሰማ የጠበቀ ሰው አጋጥሟት አያውቅም ነበር፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ የሻረግ ስትጠይቃት ከኋላዋ የቆመ ሌላ ሰው መስሏት ዞር ብላ አይታለች።

እንደደረሰች ለየሻረግ ነገረቻት። የሻረግ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። “እናትሽ? ራሷ?” ብላ እጇን እየጎተተች ቁጥር ዐሥራ አንድ፣ ‘የሐብሩ ኮረዳ’ ፊት ወሰደቻት። ሁለቱም ቆመው አዩ። ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ እግር፣ ግራ ፊቷ ወደ ብርሃኑ፣ ከንፈሯ በቀኝ በኩል ብቻ ትንሽ የተከፈተ። ኢክራም አሁን ስታየው አፍንጫው የራሷ አፍንጫ ነው፤ ስድስት ሳምንት እንዴት እንዳላስተዋለችው ገረማት። የሻረግ ከደስታዋ የተነሣ ድምፅዋን አልቀነሰችም፤ የአቶ ሀብቴ ቢሮ ደግሞ ከአዳራሹ የሚለየው በኮምፔንሳቶ ነው።

ከደቂቃዎች በኋላ ኢክራም የውሃ ካርቶን ስትደረድር፣ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ አቶ ሀብቴ የሻረግን ሲያስረዱ ሰማች። “መምህርት፣ ይረዱኝ። ይቺ ሥዕል የምትወክለው ሐብሩን ነው። አንድ ወረዳ ሙሉ። የኢክራም እናት ናት ካልን ሐብሩ የት ይገባል?” የሻረግ አንድ ነገር መለሰች። “እሺ፣ ነገ ባሏ መጥቶ ሚስቴን ከግድግዳ አውርዱልኝ ቢለኝስ? እኔ ለዚህ በጀት አለኝ? ያልታወቀች ሴት ናት የምትሻለው፤ ያልታወቀች ሴት አትከስስም። ለማንኛውም ዐሥራ አንድን ዮናስ ይውሰዳት፣ ድምፅ አለው። ለልጅቷ አራት ቁጥርን ስጧት።” አራት ቁጥር የድስት ሥዕል ነው። የሻረግ ተከራከረች መሰል፤ አቶ ሀብቴ ግን ነገሩን ዘጉት፦ “ድስት ላይ የፈለገችውን ትበል። ድስት ቤተ ዘመድ የለውም።”

ኢክራም አላለቀሰችም። ሃይላንዶቹን አንድ በአንድ ደረደረች፣ ሁሉንም ስማቸው ወደ ፊት። ዮናስ መጥቶ መመሪያዋን አንዴ እንድታውሰው ጠየቃት፤ የሱ ላይ ሻይ ፈሶበታል። ዮናስ ክፉ ልጅ አይደለም፤ የወልድያ ልጅ ነው፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ሬድዮ ጣቢያ የመቀጠር ሕልም ያለው፣ “ደህና አደራችሁ” ሲል እንኳ ዜና የሚመስልበት። አዋሰችው።

እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ይደርሳሉ የተባለው አራት ተኩል ላይ ደረሱ። ወይዘሮ አለሚቱ የሚባሉ፣ ሰፊ ፊት ያላቸው የቡድኑ መሪ ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው ሦስት ወንዶች በተመሳሳይ ግራጫ ኮት፤ ከነሱ ኋላ ከከተማው የተጠሩ ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች። በሩ ላይ አቶ ሀብቴ ለሁሉም እጃቸውን እየዘረጉ መመሪያና ውሃ ያድሉ ነበር። ከመጨረሻ የገባውን ሰው ኢክራም ገና ከበሩ ዐወቀችው። ዛኪር ነው። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከቷል፣ ጫማውን ሊስትሮ አስጠርጓል፣ ፀጉሩ ላይ ውሃ አድርጓል። የጥሪ ካርድ ግን የለውም። አቶ ሀብቴ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ የተጠረገ ጫማ አዩ።

“ከየት ነዎት?”

“ከመርሳ።”

“ኦ! የሐብሩ ተወካይ! እንኳን ደህና መጡ፣ ቀርተዋል ብለን ነበር እኮ፣” ብለው እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ መመሪያና ሃይላንድ አስይዘውም ወደ ፊት፣ ከግራጫ ኮቶቹ አጠገብ አቆሙት። ዛኪር ለማስረዳት አፉን ከፈተ፤ ግን ወይዘሮ አለሚቱም ጨበጡት፣ የወረዳው ሰብል ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ ጠየቁት፣ “ደህና ነው፣ አልሀምዱሊላህ” አለ። ከዚያ በኋላ ማስረዳቱ ከነገሩ የባሰ ነበር። ከልጁ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሁለቱም ዓይናቸውን አዞሩ።

አራት ቁጥር ቶሎ ደረሰ። ኢክራም ድስቱ ጎን ቆመች፤ እጇን አጠፈች፣ መዳፏን ገለበጠች፤ የሻረግ ከኋላ ራሷን ነቀነቀችላት። “ምን ይታያችኋል?” አለች። ዝም አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ግራጫ ኮት ለባሾቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ፈተናው የነሱ ይሁን የልጅቷ አልገባቸውም። አራት፣ አምስት። አቶ ሀብቴ አሳላቸው። “ድስት፣” አሉ ወይዘሮ አለሚቱ በመጨረሻ፣ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ።  ኢክራም ቀጣዩ ጥያቄ ጠፋባት። ቶሎ ብላ “ይህም የሚያሳየው የእናቶቻችንን የእደ ጥበብ ክህሎት ነው” አለችና ወደ ግድግዳው ተጠጋች። የሳቀው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ቢሆንም ሳቁ ሳቅ ነው። አባቷ ብቻ አልሳቀም፤ የሱ ፊት ከቁጥር አራት አልፎ ግድግዳውን እያሰሰ ነው።

ዮናስ ቁጥር ዐሥራ አንድ ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። “የሐብሩ ኮረዳ!” አለ፤ አምፖሉ ሳይቀር ነዘረ። ልምላሜውን አለ፣ እርጋታውን አለ፣ ምስጢራዊ ፈገግታውን አለ። ሰው ተመስጦ ሰማው። ወይዘሮ አለሚቱ ሴቲቱ ማን እንደሆነች ጠየቁ። “ማንነቷ አይታወቅም፣” አለ ዮናስ፤ ያለው ሁሉ ስለተወደደለት እዚያ ላይ ማቆም አልቻለም። “ሆኖም አንዳንዶች እንደሚሉት፣ ሠዓሊው በፍቅሯ ተነድፎ ለቀናት ከአጠገቧ አልተለየም ነበር።” ይህ መመሪያው ውስጥ የለም። ዮናስ እዚያው ቆሞ የፈጠረው ነው።

ዛኪር እጅ ላይ ያለው የሃይላንድ ጠርሙስ ተንቋቋ። በጸጥታው ውስጥ ሁሉም ዞረው አዩት፤ ጠርሙሱ ከወገቡ ላይ ተጨፍልቋል።

“ውሸት ነው፣” አለች ኢክራም።

“ኢክራም፣” አሉ አቶ ሀብቴ በለሆሳስ፣ “ወደ ድስትሽ።”

“አልተነደፈም። ደግሞም ትታወቃለች።”

“ወደ ድስትሽ ብያለሁ!”

“ቆይ፣ ትናገር፣” አሉ ወይዘሮ አለሚቱ። ዮናስ ከፊት ገለል አለላት፤ ደስ ብሎት ሳይሆን ደንግጦ። ኢክራም ሥዕሉ ጎን ቆመች። እናቴ ናት ልትል ነበር፤ ግን አባቷ እዚያ ነው፣ በሰው ፊት፣ የተጨፈለቀ ጠርሙስ ይዞ፣ የሐብሩ ተወካይ ሆኖ። ቃሉ አልወጣ አላት። አፏ ላይ የመጣላት ጥያቄው ብቻ ነበር። “ምን ይታያችኋል?” አለች። ከዚያ እስከ ዐሥር መቁጠር ጀመረች፤ ዓይኗን ሴራሚኩ ላይ ተክላ።

ሁለት ላይ አንዱ ግራጫ ኮት “ፈገግታ” አለ። አራት ላይ ሌላኛው “ተስፋ።” “ምን አይታችሁ?” አለች። ‘ተስፋ’ ያለው ሰው ምን እንዳየ ለማወቅ መመሪያውን ገለጠ። አንድ ሽማግሌ ማንጎው ሲሪንቃ ከተተከለው አሮጌ ዝርያ ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ ማንም አልሰማቸውም። ሰባት። ስምንት።

“አሟታል፣” አለ ዛኪር።

ሁሉም ዞሩ። “ማንን?” አሉ ወይዘሮ አለሚቱ።

“ይቺን። ጥርሷን ነው ያመማት።” ዛኪር ወደ ሥዕሉ ሁለት እርምጃ ቀረበ፤ ለእንግዶቹ ሳይሆን ለሥዕሉ የሚናገር ይመስል ነበር። “ግራ ጉንጯን እዩት፤ ከቀኙ ይበልጣል። አብጧል። ሲያማት እንደዚህ ነው የምታደርገው፤ በጤነኛው በኩል ብቻ ከንፈሯን ትከፍታለች። ሰው የሳቀች ይመስለዋል። አልሳቀችም። ውስጥ ቅርንፉድ ነክሳ ይሆናል። ዓይኗንም እዩት፣ የግራውን፤ ተጨናብሷል።”

አዩት። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን እንደ የሻረግ አዞረ። አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልተቻለም፤ ልምላሜውም እርጋታውም ያበጠ ጉንጭ ሆኖ ቀረ። አንደኛው ግራጫ ኮት ሳይታወቀው የራሱን መንጋጋ ያዘ።

“እርስዎ ይህን እንዴት ዐወቁ?”

“ባለቤቴ ናት፣” አለ ዛኪር። ከዚያ የገባበት ነገር አሁን የገባው ይመስል ወለሉን አየ። “ዐሥራ ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል። ጥርሱን ያስነቀለችው ይቺ ሁለት ዓመት ሲሆናት ነው፤” በአገጩ ኢክራምን ጠቆመ።

አሁን ቃሉ ወጣ። ኢክራም ተናገረች፤ እጇን ማጠፍ ረስታ፣ እንደ መርሳ ልጅ ተናገረች። እናቴ ናት፣ ኑሪያ ትባላለች፤ የተቀመጠችው ፈልጋ ሳይሆን አሠሪው ተቀመጪ ስላላት ነው፤ ማጭዱን እዩት፣ እጀታው ላይ ያለው ሰማያዊ ጨርቅ መዳፏን እንዳይልጠው ነው፤ ሥዕሉ ላይ መዳፏን አታዩትም፣ ወደ ታች ነው ያዞረችው፤ ለምን ያዞረችው ይመስላችኋል? ሰዎቹ መለሱ። ሁለቱ ተከራከሩ። ወይዘሮ አለሚቱ መነጽራቸውን አውጥተው ቀረብ አሉ። የሻረግ ከኋላ ሆና አፏን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። የፈራችው ሳቋን ይሁን ዕንባዋን አልታወቀም።

“እናትሽ ይህን አይታዋለች?” አሉ ወይዘሮ አለሚቱ።

“አላየችም።”

ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ሲጽፉ ያዩት አቶ ሀብቴ ለቅጽበት ያህል ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ከዚያ ቀለሙ ተመለሰ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገውም ወደ መሐል ገቡ። “ክብርት፣ የሥልጠናችን ዓላማም ይኸው ነበር። ማኅበረሰቡን ከቅርሱ ጋር ማስተዋወቅ። ለዚሁ ሲባል የቤተሰቡን አባል ጋብዘናል፤” ብለው የዛኪርን ትከሻ አቀፉ። የሻረግ ይህን ስትሰማ ወደ ግድግዳው ዞራ የተንጋደደውን ወንበር ለረጅም ጊዜ አጠናች።

ከምሳ በኋላ የአምስቱ ስም በሩ ላይ ተለጠፈ። ኢክራም ሦስተኛ ናት፤ ዮናስ የመጀመሪያው። ዮናስ እንኳን ደስ አለሽ አላት፣ ግን ቅር ብሎታል፤ “ፍቅሩን ባታበላሺው ጥሩ ነበር፣ ሰዎቹ ወደውት ነበር እኮ” አላት። አቶ ሀብቴ ቢሯቸው አስጠሯት። መግለጫው ላይ “ያልታወቀች” የሚለው እንዲቀየር ወይዘሮ አለሚቱ አዝዘዋል፤ እሳቸውም ደስተኛ ናቸው፤ ሆኖም ሥርዓት አለ። ወረቀት ላይ ጻፉላት፦ በኑሪያ የተፈረመ ማመልከቻ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ በሥዕሉ ላይ ያለችው እሷ መሆኗን የሚያረጋግጡ ሁለት ምስክሮች። “ጉርዱ ፎቶ የቅርብ ጊዜ ይሁን፣” አሉ። ኢክራም በሆዷ እስከ አምስት ቆጠረች፤ ከዚያ እሺ ብላ ወጣች።

ወደ መርሳ ሲመለሱ ዛኪር መንዙማውን ከፈተ። ሲሪንቃ ላይ አላዘገመም።

ቤት ሲደርሱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ በሱቁ መስኮት ገብታ መደርደሪያው ላይ የቀሩትን አራት ፓፓያ ታበራለች። ኑሪያ ሚዛኗን እየጠረገች ነበር። የሁለቱን ፊት አየች። ኢክራም ማለፏን ነገረቻት፤ ኑሪያ “ማሻአላህ” አለች፣ ጎትታም ግንባሯን ሳመቻት፤ ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ ሁለቴ አነበበችው።

“ሁለት ምስክር? እኔ መሆኔን?” አለች። “ያኔ እዚያ የነበረ ሰው አሁን ከየት አገኛለሁ? አሠሪያችን ሞቷል። ከኔ ጋር ያርሙ የነበሩት ሐራ ሄደው ያገቡ አሉ፣ ጅቡቲ የገቡ አሉ።”

“አንዱ እኔ ነኝ፣” አለ ዛኪር። ጫማውን እያወለቀ ስለነበር አጎንብሶ ነው የተናገረው።

“አንተ ምኑን አይተህ? ያኔ የት ነበርክና?”

“ዛሬ አየሁሽ።” ቀና አለ። “ያ ጥርስ ነበር።”

የኑሪያ እጅ ሳታዝዘው ወደ ግራ ጉንጯ ሄደ። ጥርሱ ከወጣ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሥፍራው ግን በምላሷ እስካሁን ይታወቃታል።   ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ፣ አንዲት ልጅ ሎሚ ልትገዛ መጣች፣ ኑሪያ ሎሚ የለም አለቻት፣ ሎሚው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ።

“ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር፣” አለች ኑሪያ በመጨረሻ። “ሦስቱንም ቀን። ተቀመጪ ተባልኩ፣ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ዓይኑን ከፊቴ ላይ አይነቅልም፤ ቀና በይ ይለኛል፣ ወደ ብርሃኑ ዙሪ ይለኛል፣ ፈገግታሽን ያዢው ይለኛል። አንድም ጊዜ ግን፣ ምነው አመመሽ ወይ አላለኝም።”

 ዛኪር ካልሲውን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ። ኑሪያ ወረቀቱን አጥፋ ከሚዛኑ ሥር አስቀመጠችው፤ ጨርቋን አነሳች፣ ሚዛኑን እንደገና መጥረግ ጀመረች፣ ንጹሕ እንደሆነ እያወቀች።

“የሚመጣው ቅዳሜ፣” አለች፣ ቀና ሳትል፣ “በስንት ሰዓት ነው የምትነሡት?”

“አንቺ በተነሣሽ ሰዓት፣” አለ ዛኪር።